ዛሬ ደሴ ላይ ለማረሚያ ቤት ጥበቃ ሥራ ኢንተርቪው ገብቼ ነበር

የጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። «አለቃህ የማትስማማበትን ትእዛዝ ቢሰጥህ ምን ታደርጋለህ?» ውጪ ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ብርድ ተራ ስንጠብቅ አንዱ ልጅ «ለሁሉም እሺ በላቸው፣ ትገላገላለህ» ብሎኝ ነበር። ለእኔ አስቦ ነው። እኔ ግን የማምንበትን መናገር ፈለግኩ።

በዚህ ሥራ ትእዛዝ ማክበር ቀልድ አይደለም። ቆጠራ ላይ፣ ፍተሻ ላይ፣ በር ሲከፈት ሁሉም የራሱን ሐሳብ ልከተል ካለ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ባልስማማም በሰዓቱ እፈጽማለሁ፣ ቅሬታዬን በኋላ ለብቻው በአክብሮት እነግረዋለሁ አልኩ። ታራሚ ፊት ከአለቃ ጋር መከራከር የለም።

ከዚያ ፀጉራቸው የሸበተው ኃላፊ «ታራሚውን ምታው ቢልህስ?» አሉኝ።

«አልመታውም። ለበላይ በጽሑፍ አሳውቃለሁ» አልኳቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበት አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ የመያዝ መብት አለው ይላል። አለቃዬም እኔም ከሕጉ በታች ነን። እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ትንሽ አዩኝና «ቀጥል» አሉ።

አጎቴ ታስሮ በነበረ ጊዜ እናቴ ስንቅ ታመላልስ ነበር። በሩ ላይ «እናቴ፣ ይግቡ» የሚል ጠባቂ ያጋጠማት ቀን ፊቷ ሌላ ነው፤ ቤት ገብታ ቡና እስክታፈላ ድረስ ስትመርቀው ነው የምትውለው። እንደዚያ ሰውዬ መሆን ነው የምፈልገው።

ውጤቱ ይለጠፋል ተብለናል። ዱዓ አድርጉልኝ፣ ጸልዩልኝ።