ከ6 ሺህ ዙር በላይ ያለው ሌላ ሞተር

የ2008 (እ.ኤ.አ.) ሆንዳ ሲቪክ ኤስ አይ፣ የሲቪክን የስፖርት ዓይነት፣ የገዛሁት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለ ስድስት ማርሽ፣ ማኑዋል። ሻጩ «ሞተሩን በደቂቃ 8 ሺህ ዙር ድረስ ካላወጣኸው መኪናውን አላወቅከውም» አለኝ። ነገሬም አላልኩት። እኔ የፈለግኩት ሥራ የሚያመላልሰኝ መኪና ነበር።

መጀመሪያ እንደማንኛውም ሲቪክ ነዳሁት። 3 ሺህ ዙር ላይ ማርሽ እቀይራለሁ፤ ፍሪሲዮኑ ቀላል ነው፣ ትራፊክ ውስጥ አያስቸግርም። በዝቅተኛ ዙር ግን ጉልበት የለውም። ዳገት ላይ ማርሽ ካልቀነሱለት ይደክማል። 197 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው የታለ አልኩ።

እሁድ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ባለበት፣ ወደ 395 አውራ ጎዳና መግቢያው ላይ በሁለተኛ ማርሽ ረገጥኩት። 4 ሺህ። 5 ሺህ። ወደ 6 ሺህ ሲጠጋ ድምፁ በአንዴ ተለወጠ፤ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ሌላ ሞተር የተነሳ ነው የመሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን ቫልቮች የሚከፍተው፣ ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ ላይ ሁለት ዓይነት እብጠቶች አሉ፤ ዝቅ ያሉት ለዘወትር፣ ከፍ ያሉት ለከፍተኛ ዙር። ዙሩ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ለዘይት መንገድ ይከፍታል። ዘይቱ በግፊት ትንሽ ፒን ይገፋና ቫልቮቹን የሚጫኑትን ክንዶች ያቆላልፋቸዋል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ትልቁ እብጠት ይረከባል። ቫልቮቹ ሰፋ ብለው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ሞተሩም እንደልቡ ይተነፍሳል። ሆንዳ ይህን ቪቴክ የሚለውን ዘዴ መኪና ላይ የጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. በኢንቴግራ ነው። ጠዋት ረጋ ብሎ ሥራ የሚያደርስህ ሞተር፣ ስትጠይቀው ደግሞ የውድድር ሞተር ይሆንልሃል። ይህን በዘወትር መኪና ውስጥ ማስገባት ለእኔ ትልቅ ጥበብ ነው።

ከአራት ወር በኋላ ያ ለውጥ ቀረ። ረገጥኩት፣ ዝም። የሞተር መብራት በራ። ገንዘቤን በላኝ ብዬ ልቤ ተሰብሮ ሐበሻ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ጋሼ ምንም ሳይፈቱ የዘይቱን መለኪያ መዘዙ፣ በጨርቅ ጠረጉ፣ መልሰው ከተው አወጡ። ጫፉ ብቻ ነበር የረጠበው።

«ዘይቱን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው ልጄ?»

አይቼው አላውቅም ነበር። ፒኑን የሚገፋው ዘይቱ ነው፤ ሲያንስ ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ ቪቴክ የለም። ዘይት ሞሉበት፣ መብራቱን አጠፉልኝ፣ ያ ድምፅ ተመለሰ።

አሁን ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር ዘይቱን አያለሁ። ፕሪሚየም ቤንዚን ብቻ ነው የምሞላው፣ ዋጋው ቢያመኝም። የሞተሩ ውሃ የሙቀት ምልክት ቦታው ሲደርስም ቶሎ አልረግጥም፤ ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፣ ስለዚህ አስር ደቂቃ እጨምርለታለሁ።

ሆንዳ በ2017 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መኪና 1.5 ሊትር ቱርቦ፣ አየር በግፊት የሚሞላለት ሞተር፣ አድርጎታል፤ በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበት ከእኔው በብዙ ይበልጣል። ቀኑን ቆም ሄድ ሲል ለሚውል ሰው ቱርቦውን ግዛ እለዋለሁ። የእኔ መንገድ ላይ ግን ያ መግቢያ አለ።