የስቅለት ዕለት መዋጮ

ትናንት ስቅለት፣ እዚህ ሮም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለቅድስት ሀገር፣ ማለትም ለኢየሩሳሌምና ለአካባቢዋ፣ የሚሰበሰበው ሙዳየ ምጽዋት ሲዞር አጠገቤ ያሉት እማማ ሃያ ዩሮ አወጡ። ሰው እንዳያይባቸው አራት ቦታ አጥፈው፣ በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው ከተቱት።

ስንወጣ አንዱ ጎረምሳ፣ "እማማ፣ ይሄ ገንዘብ እኮ ቤተልሔም ዩኒቨርሲቲም ይደርሳል። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው" አላቸው።

"ታዲያስ? ልጅቷ ነርስ ሆና ስትወጣ በሽተኛውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው ልትለው ነው?" ቆጣ አሉ።

ልጁ ያለው እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲው የካቶሊክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ተከፍቶ የፍልስጤም ልጆችን ሃይማኖት ሳይለይ ያስተምራል። ከተማሪዎቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ነርሲንግም፣ የሆቴል ሙያም አለው። የቤተልሔም ክርስቲያን ወጣት ደግሞ እዚያው ተምሮ ሥራ ካላገኘ ሻንጣውን ነው የሚያነሳው፤ ስንቱ ሄዷል።

በነገራችን ላይ ከዚሁ መዋጮ ለኢትዮጵያና ለኤርትራም ይደርሳል። ይህን ስነግራቸው እማማ ሳቁ።

ካህናቱ ግን ይህን ዘርዘር አድርገው ቢነግሩን ጥሩ ነበር። "ለቅድስት ሀገር" ብቻ ሲባል፣ ብዙ ሰው የድሮ ግንብ የሚጠገንበት ይመስለዋል።