ፎንቴይንን በእሳት ልይዝ ሄጄ

ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስናደድ አልከርምም ነበር። ከእህቴም ጋር አልኳረፍም ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ፖኬሞን ኮንከስት የሚባለውን የቪዲዮ ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ፎንቴይን የሚባለውን ግዛት ከመውጋታችሁ በፊት ግሪንሊፍ የሚባለውን ያዙ። የቀረውን ብትተዉት እንኳ ይቺን አትርሱብኝ።

ጌሙ አሮጌ ነው። በፈረንጆቹ 2012 ኒንቴንዶ ዲኤስ ለሚባለው በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ የወጣ ነው። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ አሮጌ ዲኤሱን ከነጌሙ ትቶልኝ ሄደ። ደሴ ውስጥ ይሄን ጌም የሚጫወት ሌላ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የምጠይቀው ሰው ያጣሁትም ለዚህ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ራንሴ የሚባል አገር አለ፤ 17 ግዛቶች አሉት። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ጌታና የራሱ ዓይነት ፖኬሞን፣ ማለትም ተዋጊዎች ለውጊያ የሚያሰልፉት ምናባዊ ፍጡር፣ አለው። አንዱ የእሳት፣ አንዱ የሣር፣ አንዱ የውሃ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አብዛኞቹ ጌቶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን እርስ በርስ ሲዋጉ የኖሩ እውነተኛ የጃፓን መሳፍንት ናቸው። የኛን ዘመነ መሳፍንት አስቡት። የየጁ መሳፍንትን ታሪክ እየሰማ ላደገ ወሎዬ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ማን ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ ማን ማንን እንደሚፈራ ሳታውቁ አንድ እርምጃ አትሄዱም።

የምትነሡት ከአውሮራ ነው፤ ኢቪ የምትባል ፖኬሞን ይዛችሁ። እኔም አውሮራን ተረከብኩ። ኢግኒስን፣ የእሳቱን ግዛት፣ ያዝኩ። ተዋጊዎቼን እዚያ ዱር ካገኘኋቸው የእሳት ፖኬሞኖች ጋር አጣመርኩ። መድኃኒት ገዛሁ፣ ሴቭ አደረግኩ። እስከዚህ ምንም ችግር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ከፊቴ ተከፈተ። አንዱ ግሪንሊፍ፣ የሞቶናሪ የሣር ግዛት። ሌላው ፎንቴይን፣ የሞቶቺካ የውሃ ግዛት። እኔ ፎንቴይንን መረጥኩ።

ለምን መረጥክ ብትሉኝ መልሴ ያሳፍረኛል፤ ግን እናገራለሁ። ታሪክ አውቃለሁ ብዬ ነው። እውነተኛው ቾሶካቤ ሞቶቺካ የቶሳ ጌታ ነበር። ቶሳ ሺኮኩ በምትባለው የጃፓን ደሴት ላይ ያለ አገር ነው። በፈረንጆቹ 1585 ሂዴዮሺ የሚባለው ኃያል መስፍን ጦር ባሕር ተሻግሮ መጣበትና እጁን ሰጠ። ከያዘው ሁሉ ቶሳ ብቻ ቀረችለት። ጌሙ ውስጥ ደግሞ የኢግኒስ ጌታ ማነው? ሂዴዮሺ። እኔ ሂዴዮሺን አሸንፌ እሳቱን ይዣለሁ። በታሪክ ሂዴዮሺ ሞቶቺካን ካንበረከከው እኔ በሂዴዮሺ እሳት ምን ያቅተኛል? ያኔ ይሄ ብልህነት መስሎኝ ነበር። ቶሳ የሚለው ስም ራሱ ከቤታችን በላይ ካለው ከጦሳ ተራራ ጋር ሲገጥምልኝ ደግሞ ገድ አለኝ አልኩ።

ሁለተኛው ያሳሳተኝ ቁጥሩ ነው። ጌሙ የፖኬሞኖችን ጥንካሬ በቁጥር ያሳያችኋል። የኔ ይበልጥ ነበር። እና ገባሁ።

ማታ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው፤ መብራት ጠፍቷል። ታናሽ እህቴ ጋቢ ተከናንባ በትከሻዬ በኩል ታያለች። የፎንቴይን ሜዳ ውሃ በውሃ ነው። የውሃ ፖኬሞን ይዋኛል፣ የሚበርም ያልፋል። የኔ የእሳት ልጆች ግን ውሃውን አይረግጡም። በደረቁ በኩል ሲዞሩ፣ ሐረጎን እንደሚወርድ የጭነት መኪና አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰለፉ። ሞቶቺካ ኦሻዎት ከሚባለው የውሃ ፖኬሞኑ ጋር ቆሞ ይጠብቃል። የፊተኛው ሲደርስ መቱት። ቀጣዩ ሲደርስ እሱንም መቱት።

እህቴ "ጋሼ፣ እሳት ውሃ ላይ ምን ያደርጋል?" አለችኝ።

"አንቺ የቤት ሥራሽን ሥሪ" አልኳት። ይቺ መልስ እስካሁን ታንገበግበኛለች። የስምንተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝን እኔ ለመረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። እሳት ውሃን ሲመታ ጉዳቱ ግማሽ ይሆናል። ውሃ እሳትን ሲመታ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ፖኬሞኖች ቢገጥሙ፣ የውሃው አንድ ምት የእሳቱን አራት ምት ያህላል። በዚህ ጌም ደግሞ እያንዳንዱ ፖኬሞን ያለው አንድ ጥቃት ብቻ ነው። "ይሄ ካልሠራ ሌላውን ልሞክር" ማለት የለም። ስህተቱን የምትሠሩት ከቤት ስትወጡ ነው፤ ሜዳ ላይ የምታርሙት ነገር የለም። ያ የጥንካሬ ቁጥር ይሄን ሁሉ አይነግራችሁም። ጌሙን በሠሩት ሰዎች ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን ፊት ለፊት አስቀምጠው "ትበልጣለህ" ካሉኝ በኋላ፣ ዓይነቱን ራስህ አስብ ማለት ምን ይባላል? ለኔ ቁጥሩ ባይኖር ይሻል ነበር።

ተሸንፌ ተመለስኩ። ይሄኔ ቁጭ ብሎ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ከተዋጊዎቻችሁ እያንዳንዱ በወር አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው። እኔ ወራቱን ልምምድ ላይ አቃጠልኳቸው። ወርቄን በሙሉ መድኃኒት ገዛሁበት። ቁጥሬ አደገ። ሁለተኛ ሄድኩ፣ ሁለተኛ ተሸነፍኩ። መድኃኒቱ ሽንፈቱን ከማስረዘም በቀር የፈየደልኝ የለም። አንዱን ስፈውስ ሌላው ይወድቃል፤ የፈወስኩትም በሚቀጥለው ዙር ይወድቃል።

እህቴ አንዴ "ግሪንሊፍን ብትይዝስ?" ብላ ጀመረች። አላስጨረስኳትም፤ ጮህኩባት። ተነሥታ ወጣች። አራት ቀን ዲኤሱ አጠገብ አልደረሰችም።

በአራተኛው ቀን ብቻዬን ሦስተኛውን ሞከርኩ። መጨረሻ ላይ የቀረችኝ ኢቪ ብቻ ነበረች፤ ዳር ላይ። ኦሻዎት ውሃውን ሰንጥቆ ሲመጣ እያየሁ የማደርገው አልነበረኝም። ዲኤሱን ክድን አድርጌ አስቀመጥኩት። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ፖኬሞን ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ፊቴን ግን ታውቃለች። "ምን ሆንክ?" አለችኝ። "አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ሞክሬ እምቢ አለኝ" አልኳት። "አብሽር" አለችና ቆላዋን ሳታቆም "ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ልጄ" ብላ ጨመረች።

ውሃ የሚለውን ከአፏ ስሰማ ደነገጥኩ። ሦስት ጊዜ ያደረግኩት ልክ እሱን ነበር። ያው ሙቀጫ፣ ያው ውሃ።

እህቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። ፒያሳ ወርደን ጁስ ጋበዝኳት፤ የጀመረችውንም አስጨረስኳት። ሐሳቧ ይሄ ነበር፦ እሳት ሣርን ያቃጥላል፣ ሣር ውሃን ይመጠዋል። ስለዚህ ኢግኒስ፣ ከዚያ ግሪንሊፍ፣ ከዚያ ፎንቴይን። በቃ።

ግሪንሊፍን ባንድ ማታ ያዝን። በውሃው ላይ ሲያፍሩ የከረሙት የእሳት ልጆቼ ሣሩ ላይ ሌላ ፍጡር ሆኑ። እዚያው የሣር ፖኬሞኖች ፈልገን አጣመርን። ማጣመሩ አዝራሩን በሰዓቱ መጫን ይፈልጋል። የእህቴ ጣት ከኔ ስለሚፈጥን ለሷ ተውኩላት።

ከዚያ ፎንቴይን። ጥንካሬያችን በቁጥር ከሦስተኛው ሙከራዬ ያነሰ ነበር፤ ገና አዲስ የተጣመሩ ናቸውና። አሁንም ውሃውን አልተሻገርንም፤ ዞረን ነው የሄድነው። ግን እየተመታን ደረስን። የውሃ ምት ሣር ላይ ግማሽ ነው፤ የኛ ደግሞ እጥፍ። እህቴ ትመራለች፣ እኔ ጋቢውን ተከናንቤ በትከሻዋ በኩል አያለሁ። ሞቶቺካ ሲወድቅ ሁለታችንም ጮህን፤ እናቴ ደንግጣ መጣች።

ስለዚህ የኔ ምክር ግልጽ ነው። ፎንቴይን ልትሄዱ ስትሉ የጥንካሬውን ቁጥር አትዩት። ወርቃችሁን መድኃኒት ላይ አትጨርሱ። እሳቶቹን በሙሉ ኢግኒስ ትታችሁ ሂዱ፤ አንድም "ይሁን፣ ይጨመር" ብላችሁ አትውሰዱ። እንደ ሣር በውሃ ላይ በዓይነቱ በሚያይል ጥቃት የተሸነፈ ተዋጊ ከናንተ ጋር የመቀላቀል ዕድል ስላለው፣ ሣር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከድሉ ሌላ ሰውም ታገኛላችሁ። እኛ እንዲህ ነው የውሃ ተዋጊ ያገኘነው። አንድ ግዛት ከስድስት ተዋጊ በላይ ስለማይይዝ ቦታ ቀድማችሁ አስለቅቁ።

ትናንት ቫዮላይት ላይ ደረስን። የኤሌክትሪክ ግዛት ነው። አዲሶቹን ውሃዎች ለማሰለፍ እጄ ሲዘረጋ አቆምኩትና ዲኤሱን ለእህቴ አቀበልኳት። ውሃዎቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ሣሮቹን አስገባች።