ከአጥሚት ወደ ገንፎ፣ በግማሽ ደቂቃ

ቤት ውስጥ ሳሙና መሥራት ስጀምር አንድ ሰው «ቅርንፉዱን ተጠንቀቂ» ቢለኝ ኖሮ ያን ሁሉ ዘይት ባላበላሸሁ። ሥልጠናው ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ማሸጊያና ስለ ገበያ ተወራ። ሳሙናው አንዴ ለምን እንደሚለግም፣ አንዴ ለምን እንደሚጋልብ ግን አሠልጣኙ ትንፍሽ አላለም።

አሠራሩ ብዙ ወሬ የለውም። 700 ግራም ፓልም፣ 300 ግራም የኮኮናት ዘይት፣ 147 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ 300 ግራም ውኃ። ሁሉንም በሚዛን። ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ሶዳው ላይ አይፈስም። ጓንትና መነጽር ይደረግ። የአሉሚኒየም ድስት ደግሞ አይሞከርም፤ ሶዳው ድስቱን እየበላ ሃይድሮጅን ያወጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በማማሰያ ሠራሁ። ሳሙና የሚፈጠረው ሶዳው ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ዘይትና ውኃ ግን አይዋሐዱምና ውኃው ውስጥ ያለው ሶዳ ዘይቱን የሚያገኘው በሚነካኩበት ቦታ ብቻ ነው። አማሰልኩ፣ አማሰልኩ፣ ክንዴ ዛለ። አሠልጣኙ ጋ ስደውል «አሙቂው፣ በእጅ በሚያዘው ብሌንደር ምቺው» አለኝ። ውሸት አልነገረኝም። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ብዙ ኬሚካዊ ሪአክሽኖች እጥፍ ገደማ ይፈጥናሉ፤ ብሌንደሩም ዘይቱን ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበትነውና መነካኪያው ይበዛል። እኔ ግን ሁለቱንም ባንዴ አደረግሁ፤ ሦስተኛውን ከራሴ ጨመርኩበት።

በሦስተኛው ዙር መጠኑን እጥፍ አድርጌ 2 ኪሎ ዘይት ያዝኩ። ዘይቱም የሶዳው ውኃም 55 ዲግሪ ላይ ነበሩ። በብሌንደር ስመታው ወዲያው እንደ አጥሚት ወፈር አለ፤ ደስ አለኝ። የማላውቀው ነገር፣ መጀመሪያ የተፈጠረችው ጥቂት ሳሙና ራሷ ዘይቱንና ውኃውን እያዋሐደች የቀረውን ታፋጥናለች። ያኔ ነው የቅርንፉድ ዘይቱን ያንቆረቆርኩት። ቅርንፉድ ውስጥ የሚበዛው ዩጀኖል ከሶዳው ጋር ቶሎ የሚገናኝ፣ ሳሙናን በማጣደፍ የታወቀ ነገር ነው። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፤ ብሌንደሩ አቃሰተና ቆመ። ሳነሳው ገንፎው እንዳለ ተከትሎት ተነሣ፣ ድስቱ ጭምር!

በጓንት እየጠፈጠፍኩ ሣጥን ውስጥ ጠቀጠቅሁት። በዚህ ላይ «ሙቀቱ እንዳያመልጥ ሸፍኑት» የተባለው ትዝ አለኝና በእናቴ ጋቢ ጠቀለልኩት። ሪአክሽኑ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ እኔ ደግሞ መውጫ ነሣሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሐሉ አብጦ ተሰንጥቋል፣ በስንጥቁም ዘይት ይንቆረቆራል። አሠልጣኙን ብረግመውም በ100 ግራም ሳልሞክር ሁለት ኪሎ ላይ የዘለልኩት እኔው ነኝ።

አሁን ከ40 ዲግሪ አላሳልፍም። ብሌንደሩን ለጥቂት ሴኮንድ እጫነዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ በእጅ አማስላለሁ። ሽታ የምጨምረው ገና ሲቀጥን ነው፤ አዲስ ከሆነ በትንሽ ኩባያ ሳልሞክር አላስገባም። ኮስቲክ ሶዳ ቀንሱ የሚሏችሁን ግን አትስሙ፤ ፍጥነቱን ለማብረድ ሙቀቱ ይቀነሳል እንጂ ልኬቱ አይነካም። መሸፈኑንም ትቼዋለሁ፣ መመሪያው ያለውን ይበል። አራት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ይደርቃል፣ አለቀ።

የተሰነጠቀውን ፈቅፍቄ በጥቂት ውኃ አቀለጥኩት፤ ጓል ጓል ያለ የልብስ ሳሙና ወጣው። የጋቢው የዘይት እድፍ በዚያው ሳሙና ታጥቦም አልለቀቀም። እናቴ አዲሱን ጋቢዋን ቁልፍ ያለው ቁምሣጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው።