ኮራሎቼን በጋቢ አፍኜ ገደልኳቸው

ጅማ ላይ ኮራል፣ ማለትም ዐለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ፣ አረባለሁ ስል ሰው ይስቃል። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቡና እንጂ ባሕር በማያውቅ አገር! ይሳቁ፤ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው።

ባለ 200 ሊትር ገንዳ አሠራሁ፤ በተጣራ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ገንዳ ጨው በጠበጥኩ፤ ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ አደረግኩ። የወጥ ጨው አይሆንም፤ ኮራል አጽሙን የሚሠራበት ካልሲየም የለውም። ከጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውሃም በነጻ ተገኘ ተብሎ አይሞከርም፤ ከቆርቆሮው የሚታጠበው ዚንክ መርዝ ነው። ይህን ሁሉ በትክክል ሠርቻለሁ።

በነሐሴ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ስደውል «በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣል» ተባልኩ። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። በኋላ ስጠይቅ «ግምት ነው ያልነው» አሉኝ። ታዲያ ያኔውኑ ግምት ነው አይሉኝም?

ያነበብኩት ምክር ሁሉ ስለ ብርድ ነበር፦ ሸፍኑት፣ ሙቀቱን ጠብቁ። የእናቴን ጋቢ አውጥቼ ገንዳውን ከነአፉ ጠቀለልኩት፤ በገመድም አሰርኩት። እናቴ «አንተ ልጅ፣ ትንፋሽ አያጥራቸውም?» አለችኝ። «እማዬ፣ ዓሣ እኮ ውሃ ውስጥ ነው የሚተነፍሰው» ብዬ አስተማርኳት። ያን መልሴን ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ።

ውሃ አየር የሚያገኘው በላይኛው ገጹ ነው። ፓምፑ ሲቆም ገጹ መናወጡን ያቆማል፤ ጋቢዬ ደግሞ የቀረውን በር ዘጋ። በእኛ ከፍታ አየሩ ራሱ ሳስቷል፤ ሞቃት ውሃም ከቀዝቃዛው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ኮራል ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች፣ ዕፅዋት መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ቀን በብርሃን ኦክስጅን ያመርታሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ተሻሚ ናቸው። ሙቀቱን በጠበቅኩ መጠን አፈንኳቸው ማለት ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጋቢውን ስገልጥ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አንጋጠው ነበር። ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከላይ ስደፋ ነጋ። ዓሦቹና ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ፤ ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ። አምስቱ ድንጋያማ ኮራሎች ሥጋቸው ተልጦ ነጭ አጽማቸው ቀረ። ሁለት ለስላሳ ኮራሎች ብቻ ተረፉ።

ነጋዴው መጀመሪያ ውድ የገንዳ መብራት ሊሸጥላችሁ ይሞክራል። እኔ የምለው፣ ከሁሉም በፊት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዙ። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ 22 ዲግሪ ቢወርድ ኮራል ይችለዋል፤ ያለ አየር ግን አያድርም። ቁጥርም አታሳድዱ፤ አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ 8 ሆነ 9 ግድ የለም፣ ዛሬ 8 ነገ 11 ሲሆን ነው የሚጎዳው።

ከተረፉት አንዱ እየተከፋፈለ ዛሬ ዐለቱን ሸፍኖታል። ጋቢውን ሦስት ጊዜ አጥበነዋል፤ እናቴ ግን መልሳ አልለበሰችውም። መብራት በጠፋ ቁጥር ከመኝታ ቤቷ ሆና «እነዚያ ነገሮችህ ትንፋሽ አላቸው?» ትለኛለች።