የለጋ ሽንኩርት ዜማና የቆሮሶ ዱለት

«ግሪን ኦኒየንስ» (ለጋ ሽንኩርት) የተሰኘው፣ ያለ ድምፃዊ በመሣሪያ ብቻ የተሠራው ዜማ፣ ሲቀረጽ ትልቅ ሥራ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እኔን ደጋግሞ ወደ እርሱ የሚመልሰኝም ይህ አወላለዱ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ፣ ቀድሞ ሲኒማ ቤት በነበረውና ወለሉ እንደ ድሮው ተዳፋት ሆኖ በቀረው የስታክስ ሙዚቃ ድርጅት ስቱዲዮ፣ አራት ሙዚቀኞች አንድ ዘፋኝ ሊያጅቡ ተገኝተው ነበር። የዘፋኙ ቀረጻ ሳይሳካ ሲቀር፣ በተረፋቸው ሰዓት ለራሳቸው አንድ ዝግ ያለ ብሉዝ ተጫወቱ፤ የድርጅቱ መሥራች ጂም ስቱዋርትም ቀርጾት ወደደው። ሸክላ ግን ሁለት ፊት አለውና ለጀርባው የሚሆን ሌላ ዜማ ሲፈለግ፣ ያኔ ገና የ17 ዓመት ወጣት የነበረው ቡከር ቲ. ጆንስ ከዚያ በፊት ሲነካካው የቆየውን አንድ አጭር ሐረግ በሐሞንድ ኦርጋን አሰማቸው።

ጊታሩን ስቲቭ ክሮፐር፣ ቤዙን ሉዊ ስታይንበርግ፣ ከበሮውን አል ጃክሰን ይዘው ተከተሉት። ሸክላው ሲወጣ አድማጭ የመረጠው የኋላውን ፊት ነበርና፣ በዚያው ዓመት ዜማው ወደ ፊት ዞሮ እንደገና ታተመ፤ በአሜሪካ የአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በፖፕ ሰንጠረዥ ሦስተኛ ደረጃ ድረስም ወጣ። ጥቁርና ነጭ በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ሕግና ልማድ በሚከለክሉበት በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሦስት ጥቁሮችና አንድ ነጭ አንድ ቡድን ሆነው መሥራታቸውን ሳስብ፣ ለዜማው ያለኝ አክብሮት እጥፍ ይሆናል።

ሦስት ደቂቃ በማይሞላው በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምወደው ቁጥብነቱን ነው። ኦርጋኑ በአሥራ ሁለት ባር (የምት ክፍል) የብሉዝ ቅርጽ ላይ ያንኑ ሐረግ እየመላለሰ ይሄዳል፤ ቤዙ ከሥሩ አይለይም፤ ጊታሩ ደግሞ ቶሎ አይገባም፤ ሲገባም አጭርና ስለታም ድምፅ ጣል አድርጎ ዝም ይላል። ክሮፐር ያንን ዝምታ በኖታ ሞልቶት ቢሆን ኖሮ ዜማው ይህን ያህል ዕድሜ የሚኖረው አይመስለኝም።

እዚህ ባሕር ዳር ዱለት ስሠራ ይህን ዜማ የምከፍተው ለስሙ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለጋ ሽንኩርትም እንደዚያ ጊታር ሰዓቱን ጠብቆ ካልገባ ዋጋ የለውም። የእኛ ማድ ቤት በቁሌት የሚያምን ማድ ቤት ነው። እናቴ ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ ሌላ ነገር ድስት ውስጥ ሲገባ ማየት አይወዱም፤ ለዶሮ ወጥ ከሆነ ፍጹም ትክክል ናቸው። ነገር ግን ገና ሳያብጥ ከነቅጠሉ የተነቀለ ሽንኩርት ሌላ አያያዝ ይፈልጋል። የፎገራ ሜዳ ሽንኩርት ወደ ከተማችን ገበያ ሲገባ፣ ነጩ ገላው ጠንከር ያለውን፣ ቅጠሉም ሲጫኑት የማይዝለውን እመርጣለሁ፤ በቅጠሎቹ መጋጠሚያ አፈር ስለሚደበቅ ሰንጥቄ በብዙ ውኃ አጥበዋለሁ።

ከጣና የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ከአጥንቱ ተለይቶ በደቃቁ ይከተፋል። የሽንኩርቱን ነጭ ክፍል በጥቂት ንጥር ቅቤ፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር፣ ሳይጠቁር እስኪለሰልስ ብቻ አቁላላዋለሁ፤ ከዚያ ዓሣውን ጨምሬ መልኩ እስኪነጣ አማስላለሁ፤ ቃሪያ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማና ጨው ይከተላሉ። አረንጓዴው ቅጠል የሚገባው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ሽንኩርት ሲከተፍ የሚወጣው ያ ስለታም ሽታ ከድኝ ውሁዶች የሚመጣ ስለሆነ በእሳት ላይ በቆየ ቁጥር እየተነነ ይጠፋል፤ አረንጓዴነቱም ወደ ደብዛዛ ቡናማ ይለወጣል። ድስቱ ከወረደ በኋላ ሲነሰነስ ግን የዱለቱ ሙቀት ብቻውን ያለሰልሰዋል፤ ሲያኝኩትም ቅጠሉ ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል፤ ከቅቤው ክብደት መካከልም ትኩስ ጣዕም ብቅ ይላል።

እናቴ ባለፈው ጊዜ ቀምሰው «ይህ ሳይበስል የቀረ ነው» አሉኝ፤ ሆኖም ሁለተኛ ጉርሻቸውን ቅጠሉ ከበዛበት በኩል ነበር የቆረሱት። እኔም ቅጠሉን አስቀድሜ እንዳበስለው ቢጠይቁኝ እሺ የምል አይመስለኝም። የተረፈውን ቅጠል ደግሞ በማግስቱ ከአይብና ከትንሽ ሚጥሚጣ ጋር ለውሼ በቁርስ ሰዓት በእንጀራ እናቀርበዋለን፤ ለዚያ እሳት ጨርሶ አያስፈልግም።