«አብሪጅ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ እንዴት አጠናሁት

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ሳጠና ያኔ ከነበሩት 100 ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ ማን መምረጥ እንደሚችል የሚደነግጉ አራት የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች አሉ፤ አንዱን ግለጽ። መልሱን ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን የአራቱንም ጽሑፍ አውጥቼ ጎን ለጎን አነበብኳቸው። 15ኛው በ1870፣ 19ኛው በ1920፣ 24ኛው በ1964፣ 26ኛው በ1971 የጸደቁ ናቸው (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። አራቱም ውስጥ አንድ ግሥ አገኘሁ፤ አብሪጅ። የመምረጥ መብት አይከለከልም፣ «አብሪጅ»ም አይደረግም ይላሉ።

ቃሉ የተለመደው በመጽሐፍ ነው። ረጅም ልብ ወለድ አሳጥረው ሲያሳትሙት አብሪጅድ ይሉታል። ታዲያ መብት እንዴት ያጥራል?

የዛሬውን መዝገበ ቃላት ትቼ ሕገ መንግሥቱ በተጻፈበት ዘመን ወደነበረው ሄድኩ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ለንደን ላይ ያሳተመው መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የመጀመሪያው ፍቺ ፍሬ ነገሩን ሳይለቁ በቃላት ማሳጠር ነው። ቀጥሎ መቀነስ፣ መቁረጥ ይላል። ሦስተኛው ግን መንፈግ ነው። የቃሉ ሥር በላቲን «አጭር» ማለት የሆነው ብሬቪስ ሲሆን፣ በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝኛ ገባ። አብሪቪዬትም (ቃልን በአጭሩ መጻፍ) ከዚያው ሥር የበቀለ ወንድሙ ነው። ድልድይ ከሚባለው ብሪጅ ጋር ግን በድምፅ እንጂ በዘር አይገናኝም።

ዘሩን ማወቅ ብቻውን አላጠገበኝም። ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየኝ ቃሉን ከጎኑ ካለው «መከልከል» ጋር ሳነጻጽረውና የምኖርባትን የቨርጂኒያን ታሪክ ሳነብ ነው። በ1902ቱ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ጥቁሮች አይመርጡም የሚል ቃል የለም። መራጩ ግን በዓመት 1.50 ዶላር የምርጫ ግብር፣ ያውም የ3 ዓመቱን፣ ከምርጫው 6 ወር ቀደም ብሎ መክፈል ነበረበት። መብቱ ወረቀት ላይ ሙሉ ነው። የድሃው እጅ ሲደርስ ግን ተሸራርፏል። እኛ መብት መሸራረፍ የምንለው ቁርጥ ይህንኑ ነው። 24ኛው ማሻሻያ ግብሩን ከፌዴራል ምርጫ አስወጣው፤ በግዛት ምርጫ የቀረውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 ሻረው።

አሁን ለፈተናው የሚዘጋጁ ዘመዶቼን ሳግዝ ከቁጥሮቹ በፊት ግሡን አስጠናቸዋለሁ። ከዚያ ስለ 1.50 ዶላሩ እነግራቸዋለሁ። 24ኛው ማሻሻያ ለምን እንዳስፈለገ ያን ጊዜ እነሱው ያስረዱኛል።